አሥራ አንድ በር

ኢሕሳን ኑሩ ሦስት ዓይነት አጎነባበስ ታውቃለች። አንዱ ለሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ለምስጋና። ሦስተኛው፣ ወገብ ታጥፎ ዐይን የገዛ ጫማን እያየ የሚቆየው፣ ለጥፋት ነው። ይኼን ሦስተኛውን ጃፓን አገር አሥራ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆማ አሥራ አንድ ጊዜ አጎንብሳዋለች። ያውም ላላጠፋችው ጥፋት፣ ያውም በጾም አፏ። እንግዲህ ፍረዱ!

ዛሬ የምትሠራው ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ በሞላበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በርበሬና ምስር፣ የስልክ ካርድና የሰርግ ነጠላ አንድ ላይ የሚሸጥበት መደብር ውስጥ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከደሴ የመጣችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ አባቷ ጋሼ ኑሩ ወረቀት አሟልተው ሲያስመጧት ነበር። አሁንም ሚድ ሲቲ፣ ከፒኮ አውቶቡስ መውረጃ ሁለት ደቂቃ በምታስኬድ አፓርታማ ከሳቸው ጋር ትኖራለች። ጋሼ ኑሩ በርባንክ ኤርፖርት ሃያ ሁለት ዓመት የመንገደኛ ሻትል ነድተው፣ የሰው ሻንጣ ሲያነሱና ሲያስቀምጡ ጉልበታቸው አልቆ፣ አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ሁመይራ ናት፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ። አሮጊቶችን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች። ጋሼ ኑሩ እንደ ልጃቸው አሳድገዋታል፤ ለጋብቻዋም ወልይዋ እሳቸው ናቸው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ኒካሕ የለም።

ኢሕሳን በመሀሉ አምስት ዓመት ጃፓን እንግሊዝኛ አስተምራለች። ሰው ይኼን ሲሰማ «ዋው! ቶኪዮ!» ይላል። የምን ቶኪዮ! ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት የምትርቅ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቷ የሚጠፋ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነበር። ጧት ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ጫማ ይደረጋል። ሽንት ቤት ሲገባ ያ ነጠላ ጫማ ወልቆ ሌላ ይደረጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሽንት ቤቱን ጫማ እንዳደረገች ክፍል ገብታ ስምንት ሕፃናት ወንበር ላይ ወጥተው እስኪጮኹ ድረስ አላወቀችም።

መግቢያው ላይ የመምህራኑ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሷ ፎቶ ሥር «አሜሪካ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አዲስ የሚመጡ እናቶች ፎቶውን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ሻሿን ያያሉ፣ መልሰው ፎቶውን ያያሉ። እሷ እቴ፣ ከዛሬ ነገ ይለምዱኛል ብላ ፈገግ ትላለች። ለመዷትም። በቀን ሰባት ክፍል፣ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ። «ተከተሉኝ፤ ይሄ ፖም ነው።» «ይሄ ፖም ነው!» ከሰዓት በኋላ ሕፃናት፣ ማታ የቢሮ ሰዎች። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ይመጣና አርባውን ደቂቃ ስለ አየር ጠባይ ብቻ አውርቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። በዝናብ ባንድ እጇ ጃንጥላ በሌላው ሳይክል እየነዳች ቤቷ ትገባለች። ከቤተሰብ ጉብኝት ስትመለስ እንደ አገሩ ደንብ አንድ አንድ የተጠቀለለ ጣፋጭ በየባልደረባዋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ጨዋ ሴት ነበረች። ኢሕሳን ዙህር የምትሰግድበት የዕቃ ክፍል በር ላይ ራሷ «ሥራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ትለጥፍላት ነበር። ኢሕሳን ያንን ሥራ ወዳው ነበር። አሁንም ስታወራው ድምጿ ይለወጣል።

ታዲያ ይቺው ናት በገዛ እጇ እባብ ወደ ቤቷ ያስገባችው። ጁነይድን!

የጁነይድ እናት እትዬ ፋጡ ፌርፋክስ ላይ ልብስ ይሸጣሉ። አንድ ክረምት ኢሕሳን ለእረፍት ስትመጣ እጇን ይዘው፣ «ልጄ እዚህ ሥራ ፈትቶ ተበላሸብኝ፣ እባክሽ አንቺ ዘንድ ውሰጂልኝ» አሏት። ወሰደችው። ዋስ ሆና እሷው ትምህርት ቤት አስቀጠረችው፣ ቤት ፈለገችለት፣ የትኛው ነጠላ ጫማ የት እንደሚደረግ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚጎነበስ አሳየችው። ልጁ ሳቂታ ነው፣ አፉ ማር ነው፣ እናቶቹ ወደዱት።

እዚያ ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን ወላጆች ክፍል ገብተው ከኋላ ተቀምጠው የልጆቻቸውን ትምህርት ያያሉ። ያ ቀን እዚያ እንደ ዒድ ነው። አባቶች ከሥራ ፈቃድ ይወስዳሉ፣ አያቶች ከገጠር ይመጣሉ። የዚያን ዓመት የጁነይድ ክፍል ተራ በረመዳን ወር ዋለ። ኢሕሳን የዚያን ጧት በትምህርት ቤቱ ሌላ ቅርንጫፍ ታስተምራለች። ጁነይድ ደግሞ በዋዜማው ቶኪዮ ሄዶ ሲጨፍር አድሮ ተኝቶ ቀረ። አሥራ አንድ ልጆችና የአሥራ አንድ ቤት ወላጆች ስልካቸውን ለቀረጻ ዘርግተው አርባ ደቂቃ ባዶ ሰሌዳ ሲያዩ ተቀመጡ። ቀትር ላይ ጁነይድ ከነእርጥብ ፀጉሩ መጣና ዐይኑን በጨው አጥቦ ለሥራ አስኪያጇ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ኢሕሳን ከቨር አደርግልሃለሁ፣ ክፍልህን እኔ እይዛለሁ ብላኝ ነበር። ጾም ላይ ናት፣ ትረሳለች።»

«አላልኩም!» አለች ኢሕሳን። ሥራ አስኪያጇ ዐይኗን ጨፈነች። በዚያ አገር ደንበኛ ሲያዝን መጀመሪያ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ማን አጠፋ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም ታላቅ ነው። ያመጣችው እሷ፣ ታላቁም እሷ። የይቅርታ ደብዳቤ በእጅ ጽሑፏ ጻፈች። ሰማያዊ ሱፍ ለብሳ፣ አሥራ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ተሸክማ፣ ከሥራ አስኪያጇ ጋር በየቤቱ ዞረች። «በር የከፈተው ሰው እስኪናገር ቀና አትበዪ» ተብላለች። አምስተኛው ቤት አንዲት አያት በሩን ከፍተው አይተዋት፣ ምጣድ ሊያወርዱ ነው መሰለኝ ወደ ውስጥ ገቡና ተመለሱ። ኢሕሳን እስኪመለሱ ሠላሳ አንድ ቆጠረች። መጨረሻው ቤት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የመምህሯ ፊት አልታይ ቢላት ቁጢጥ ብላ ከሥር አየቻት። ኢሕሳን ያቺን ልጅ ከነዐይኗ አልረሳቻትም። ውሏ ሲያልቅ አልታደሰላትም። ክፍሎቿን የተረከበው ጁነይድ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አውሮፕላኗ ሳያርፍ ወሬዋ ፌርፋክስን ጨርሶ ነበር። «የኑሩ ልጅ ጾሙን ሰበብ አድርጋ ሥራ እየተወች ተባረረች።» ያወሩት እትዬ ፋጡ ናቸው፤ የሰሙት ከልጃቸው። ይኼ ሁሉ ባልከፋ። የሰው አፍ ይለፈልፍና ይደክመዋል። ግን ጋሼ ኑሩም አመኑ! እውነቱን አንድ በአንድ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ሃያ ሁለት ረመዳን ሻንጣ ተሸክሜ ጾሜአለሁ» አሏት። «ጾም ሰው ያስረሳል እንዴ? ያለ ነገር ሰው አያባርርም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የረመዳን ዋዜማ፣ እየሳቁ አንድ ነገር ይሏታል። «ዘንድሮስ ሥራሽን እንዳትረሺ።» ለሳቸው ቀልድ ነው። እሷ ክፍሏ ገብታ ትራስ ነክሳ ታለቅሳለች። ስድስት ረመዳን እንዲህ አለፈ። ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ እውነቱን ከራሱ ከጁነይድ አፍ እንዲሰሙ። ሌላው ሁሉ ይቅርባት። ማለት፣ ጁነይድ ሲያጎነብስም ብታይ አትጠላም።

እንግዲህ አላህ ሲሰጥ እንዴት እንደሚሰጥ ስሙ። ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ በራቸው ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌ፣ ጋሼ ጀላሉዲንና ፀጉር አስተካካዩ ጋሼ አሳምነው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «ግቡ እንጂ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉዳያቸውም፣ ጁነይድ ከጃፓን ተመልሷል፣ ሥራ ይዟል፣ ሁመይራን ለትዳር ይፈልጋል። ኢሕሳን ወጥ ቤት ቆማ ትሰማለች። የምታጥበው ሳህን ከእጇ አመለጠ።

ጋሼ ኑሩ እንደ ወጉ «እንመካከርና ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንሰጣለን» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ዞሩ። «ኢሕሳን፣ አንቺ አብረሽው ሠርተሻል። ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

በሉ እስቲ! ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሏን ያላመኑ ሰው ዛሬ ቃሏን ይጠይቃሉ። «መልሱን ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ በርህ ላይ ትሰማለህ፣ አባባ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ። ጃፓኖች ደንብ አላቸው። አንድ ሰው በርህ ላይ ካጎነበሰ፣ አንተ እስክትናገር ቀና አይልም።» ጋሼ ኑሩ ግራ ገባቸውና «ኧረ ይሁን» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ለሁመይራ ሁሉን ነገረቻት። ሁመይራ አልጮኸችም። ስልኳን አወጣች፣ ጁነይድ ጋ ደውላ ስፒከር ላይ አደረገች።

«ጄይ፣ ኢሕሳን ያኔ ከቨር አደርግልሃለሁ ብላህ ነበር?»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሃሎ?»

«ቆይ፣ ይሄ እኮ ሎንግ ታይም ነው፣ ሁሚ...»

«ብላሃለች ወይስ አላለችህም?»

«...አላለችም። ፈርቼ ነው። ሶሪ።»

«ሶሪ የምትለው ለኔ ነው እንዴ? እኔን ምን አደረግከኝ?» አለችና ስልኩን ዘጋች። ወደ ኢሕሳን ዞራ፣ «ሶ፣ ምን ይሁን?»

«አሥራ አንድ በር» አለች ኢሕሳን።

«ያንኳኳ» አለች ሁመይራ። «እንዲህ ዓይነት ሰው ማግባት አለማግባቴን እኔም አይቼ ልወስን።»

ቅዳሜ ጧት ጁነይድ፣ ሁመይራን ላለማጣት እሺ ብሎ፣ ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ፌርፋክስ ላይ ቆመ። አሥራ አንድ ካርቶን ተምር አስጠቅልሏል፤ አስጠቅልል የተባለው እንደዚያ ነዋ። አሥሩ በር ፌርፋክስ ላይ፣ አሥራ አንደኛው የጋሼ ኑሩ ቤት። ኢሕሳን እንደ ሥራ አስኪያጇ ሦስት እርምጃ ከኋላው ሆነች። ስድስት ዓመት የቆየ ቂም ዛሬ ሊወጣላት ነው።

መጀመሪያ ጋሼ አሳምነው ፀጉር ቤት ገቡ። ጁነይድ ካርቶኑን በሁለት እጁ ዘርግቶ አጎነበሰ። «ጃፓን ሥራዬን ተኝቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በኢሕሳን ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

አንድ፣ ሁለት ስትል ኢሕሳን፣ ጋሼ አሳምነው መቀሱን ጥለው ዘለሉ። «ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ቀና በል! ኧረ ምን ጉድ ነው!» ብድግ አድርገው ሳሙት።

ሁለተኛው በር የእትዬ ሣህሊቱ ምግብ ቤት ነው። ገና ወገቡ ሳይታጠፍ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። «ወንድ ልጅ ጥፋቱን ካመነ ምን ቀረው! ና ቁጭ በል፣ ሳትቀምስማ አትሄድም።» አጎረሱት። ሦስተኛው በር ላይ ሻይ። አራተኛው ላይ ሳምቡሳ። ወይ የሐበሻ ነገር! ሐበሻ ሰው ሲያጎነብስ ማየት አይችልም፣ ያመዋል። ኢሕሳን ይኼን እንዴት ረሳችው? ጃፓን የሠራውን ቅጣት ፌርፋክስ አምጥታ፣ ለሰውየው ድግስ ሆነለት! ስድስተኛው በር ላይ ጁነይድ ክራቫቱን አላልቶ ይስቅ ጀመር። ስምንተኛው ላይ «ጀግና!» ተባለ። ለሷ ማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ኧረ ተነፈሰላት፤ ነጠላ የምትሸጠው ማዕዶት «አንቺም ይቅር በይው እንጂ፣ ምን ታካብጂዋለሽ» አለቻት።

ኢሕሳን ደሟ ፈላ። ምን ታካብጂዋለሽ! አንቺን ሠላሳ አንድ አስቆጥረውሻል? ይኼን አላለችም፤ ጥርሷን ነክሳ ተከተለችው።

አሥረኛው በር የእናቱ የእትዬ ፋጡ ሱቅ ነው። ጁነይድ እዚህ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። አጎነበሰ፣ ተናገረ። እትዬ ፋጡ ልጃቸውን አዩ፣ ኢሕሳንን አዩ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። እስኪመለሱ ብትጠብቅ አልተመለሱም። ኢሕሳን እዚያ ላይ ትንሽ ተነፈሰች።

አሥራ አንደኛውን በር ጋሼ ኑሩ ራሳቸው ከፈቱት፣ በከዘራቸው። ሁመይራ ከኋላቸው ሳሎን መሀል ቆማለች። ጁነይድ አጎነበሰ።

«ጋሼ ኑሩ፣ ጃፓን ሥራዬን ተኝቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ኢሕሳን አልረሳችም፣ አላጠፋችም። ጾም ላይ ናት ትረሳለች ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለእናቴም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ኑሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩት።

ኢሕሳን መቁጠር ጀመረች። አሥር። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ሃያ። ጁነይድ የበላው ሁሉ ሆዱ ላይ ተጫነው፣ ጆሮው ቀላ። ሠላሳ አንድ አለፈ። አርባ ላይ ካርቶኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሃምሳ ላይ ላቡ ጠብ ብሎ ጫማው ላይ አረፈ። አቤት! የኢሕሳን አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከሥር ቁጢጥ ብላ ፊቱን ማየት አማራት። እስኪመሽ እንዲህ ቢቆይ፣ አባቷ እስከ ነገ ዝም ቢሉ አይጠላትም ነበር።

«ጾም ላይ ናት፣ ትረሳለች» አሉ ጋሼ ኑሩ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። «ያልከው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ጋሼ» አለ ጁነይድ ለወለሉ።

«እኔም ብያለሁ። አንተ አንድ ቀን፣ እኔ ስድስት ዓመት።» ካርቶኑን ከእጁ ወሰዱት። «ሂድ። ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ይምጡ። ያኔ የምትመልሰው ሁመይራ ናት።»

ሁመይራ ከሳሎን «እስከዛ አትደውልልኝ» አለችው። ጁነይድ ወገቡን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ኢሕሳን እስኪጠፋ ድረስ በዐይኗ ሸኘችው። ይቅር አላለችውም፣ እንድትለውም ማንም አላስገደዳትም።

ዞር ስትል ጋሼ ኑሩ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ደንቡ እንዴት ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«አባባ?»

«ሰውየው እስኪናገር ነው፣ አይደል?» አሉና፣ ያ ለሱጁድ እንኳ እምቢ ብሏቸው በወንበር የሚሰግዱበት ጉልበት እየተንቀጠቀጠ፣ ወገባቸውን አጠፉ። ነጩ ቆባቸው ወደ ፊት ተንሸራተተ። ካርቶኑን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «አላመንኩሽም» አሉ ለጫማዋ። «ቀልድ መስሎኝ በየዓመቱ ደገምኩት።»

ይኼን መቼ ፈለገች! አሥራ አንድ በር ስታሰላ፣ ይኼ አሥራ ሁለተኛው ከየት መጣ? «ኧረ በአላህ፣ ቀና በል!» ማለት ነበረባት፣ እንደ እትዬ ሣህሊቱ፣ እንደ ማንኛዋም ሐበሻ ልጅ። ሁመይራ ከኋላ «ኢሕሳን!» አለቻት። አፏን ከፈተች።

አልወጣላትም። አንድ፣ አለ ልቧ። ሁለት። የአባቷ ማጅራት ላይ ያለውን ሽበት እያየች፣ ሦስት። አራት። በካርቶኑ ውስጥ ተምሩ ሲንኳኳ ይሰማታል። አምስት። ያለፉትን ረመዳኖች አንድ በአንድ እየቆጠረች መሆኗን ያወቀችው መጨረሻው ላይ ስትደርስ ነው።

ስድስት።

«ቀና በል፣ አባባ» አለች። ቀና ማለት ግን አቃታቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበርና በሁለት እጇ ደግፋ ያነሳቻቸው እሷ ናት።